በመደወል ላይ

እትዬ ማዞሪያ የሞቱት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ወድቋል፤ መዳፋቸው ውስጥ ስልክ አለ። ከግድግዳው የተሳበ የቻርጀር ገመድ ስልኩ ላይ ተሰክቷል። መስታወቱ ላይ «በመደወል ላይ» የሚል ጽሑፍ ይበራል፣ ይጠፋል፣ መልሶ ይበራል። ሴትዮዋ ከሞቱ ሁለት ሰዓት ሊሞላቸው ነው፤ ስልኩ ግን አሁንም ልደውል ነው እያለ ነው።

ኢንስፔክተሯ ሳትነካው ጎንበስ ብላ አየችው። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ወሬው ሁሉ ያልፍባታል፣ ጠጠሩ ግን እሷ ጋ ይቀራል።

«ማን ጋ ነው የሚደውለው?» አለች።

«የትም» አለች በሩ ላይ የቆመችው ወጣት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «ስልኩ ተቆልፎ እያለ አምቡላንስና ፖሊስ መጥራት ያለበትን ቀዩን የድንገተኛ ቁልፍ ከነኩት፣ በመደወል ላይ ይላል እንጂ አይደውልም። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አክስቴ ናት። እኔ ነኝ የገደልኳት።»

«አንቺ ልጅ፣ ተቀመጪ። ማን ገደለ የሚለውን ለእኔ ተዪልኝ፤ ደሞዝ የሚከፈለኝ ለሱ ነው።»

ነገሩን ለማያውቅ ሰው፣ እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚሠራው የስልክ ሲስተም ነው፤ ስልክ ሲበራ ሁሉን ነገር የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የየራሳቸውን ቆልፈው ይይዛሉ። የእነዚህኞቹ ግን ክፍት ምንጭ ነው፤ የፈለገ ሰው ኮዱን አይቶ፣ አርሞ፣ ለሌላ ያካፍላል። ሐሳቡ የተከበረ ነው። ሐሳቡን የተሸከሙት ሰዎች ግን ክብሩን ሁሉ ለራሳቸው ወስደው ለስልኩ ምንም አላስተረፉለትም። ግድግዳው ላይ «ለሁሉም ሰው ዝግጁ!» የሚል ትልቅ ወረቀት ለጥፈዋል። ከወረቀቱ ሥር ያሉት ጠረጴዛዎች በገመድ ተተብትበዋል፤ እያንዳንዱ ስልክ ከቻርጀሩ ተጣብቆ እንደ ታማሚ ይተነፍሳል።

እትዬ ማዞሪያ ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ነበሩ። ቅጽል ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው። እዚህ የተቀጠሩት ስልኩን እንደማንኛውም ሰው ሦስት ወር እንዲጠቀሙበትና ያዩትን በደብተር እንዲጽፉ ነው። የቤቱ መሪ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኚህ ተራ ተጠቃሚያችን ናቸው» እያለ ያሳያቸው ነበር። ተራ! ሴትዮዋ በጆሯቸው ብቻ የተበላሸ መስመር ለይተው የሚያውቁ ነበሩ፤ እሱ ግን እንደ ቢሮ ዕቃ ያስጎበኛቸዋል።

ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ኃላፊ ትመጣለች። ብቻቸውን ለሚኖሩ አራት ሺህ አዛውንቶች ይህንን ስልክ ለማደል የሚያስችለውን ውል ልትፈርም ነው። ከመፈረሟ በፊት ግን የእትዬ ማዞሪያን ቃል ልትሰማ ቀጠሮ ነበራት።

ኢንስፔክተሯ ክፍሉን ዞረችው። ከሟቿ ክርን አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ አለች። ላይዋ ላይ መነጽር፣ ግማሽ የተጠጣ ሻይና በአፍ የሚነፋ የአስም መድኃኒት ተቀምጠዋል። የመድኃኒቱ ክዳን እንደተገጠመ ነው። አንስታ ነቀነቀችው፤ ሙሉ ነው። ጥግ ያለው ሶፋ ላይ ሦስት ሰማያዊ ትራሶች ተደርድረዋል። የሁለቱ ዚፕ ወደ ታች ነው፤ የአንዱ ወደ ላይ።

ሐኪሙ ቦርሳውን እየዘጋ «አስም ነው፤ ግልጽ ነው» አለ።

«ለእርስዎ ሁሉም ነገር ግልጽ ነው፤ ያለፈው ወር ደግሞ የተመረዘውን ሰው ደክሞት ነው ብለውኝ ነበር። አፍና አፍንጫቸውን እንደገና ይዩልኝ። ትራሱንም ይውሰዱ፤ ይሄን፣ የተገለበጠውን።»

ሐኪሙ አጉረመረመ። ያጉረምርም።

በዚህ መሀል የኢንስፔክተሯ የድሮ ባለቁልፍ ስልክ ጮኸ። ጀርባው በላስቲክ የታሰረ ነው። ኮማንደሩ ናቸው።

«ልጅቷ አምናለች አሉ» አሉ ኮማንደሩ። «በቸልተኝነት ሰው መግደል ብለሽ ዝጊው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቃሏን አስፈርመሽ ላኪያት።»

«ያላደረገችውንም ታምናለች፤ አዝናለች እኮ።»

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብያለሁ!»

ልጅቷ ሁሉንም ሰምታለች። ወረቀትና እስክሪብቶ ከፊቷ ስባ «ልፈርም» አለች። ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶውን ቀምታ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«መጀመሪያ ንገሪኝ። ስታገኚያቸው ስንት ሰዓት ነበር?»

«ስምንት ከአሥር። ምሳ ሰዓት ላይ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ጆሮዬን በሙዚቃ ደፍኜ ስሠራ ነበር። ቀዩ ቁልፍ የተነካው ሰባት ከሠላሳ ስምንት ላይ ነው፤ ከስልኩ መዝገብ አይቻለሁ። እርዳታ እየጠራች ነበር… እኔ ሃያ እርምጃ ርቄ…»

«ስትጮሂ ማን መጣ?»

«ፎቁ ላይ የቀሩት ሁለቱ መጡ። አፈ ቀላጤው በሩ ላይ ቀረ። ነቢዩ ገብቶ አያትና “አምቡላንሱ አልመጣም እንዴ?” አለ። ከዚያ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ደንግጦ ነው መሰለኝ።»

«ነቢዩ የምትዪው መሪሽን ነው?»

«ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው። እሱም ደስ ይለዋል።»

ደስ እንደሚለው ኢንስፔክተሯ አልተጠራጠረችም። ደብተሩን ገለጠች። የእትዬ ማዞሪያ ጽሕፈት ቀጥ ያለና ቁጡ ነው።

«አንደኛ ቀን። የስልኩ ሰዓት ልክ አይደለም። የእኔ ልክ ነው።»

«አራተኛ ቀን። ልጅቷ ሰዓቱን አስተካከለችው። ሰዓቱ ሲመጣ ድምፁ ሄደ።»

«ዘጠነኛ ቀን።» ይህ በቀይ ነው የተጻፈው። «ቀዩ ቁልፍ በመደወል ላይ ይላል እንጂ አይደውልም። በዕድሜዬ ስንት የተበላሸ መስመር አይቻለሁ፤ የሚዋሽ መስመር ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ማንም እንዳይነካው። ሲቸግረኝ ስልኩን ከፍቼ የልጅቷን ስም እነካለሁ።»

የመጨረሻው ቅጠል ተቀድዷል። የደብተሩ የጀርባ ሽፋን ላይ ደግሞ በእርሳስ አንድ የስልክ ቁጥር ተጽፏል፤ ስም የለውም። ልጅቷን ብትጠይቃት አላወቀችውም።

በር ላይ ያለው ጥበቃ ለማውራት ብዙ መለመን አላስፈለገውም።

«እናቴ፣ ይሄን ስልክ የሰጡኝ በግድ ነው። “አንተም ሕዝብ ነህ” ብለው። ባትሪው ምሳ ሰዓት አይደርስም። ከአሥር ደቂቃ በላይ ካወራሁበት እንደ ካውያ ይግልና ራሱ ይዘጋል። ባለቤቴ ስልኩ የተቋረጠ ቁጥር የዘጋሁባት እየመሰላት ስንት ቀን አኩርፋኛለች መሰለዎት!»

«ቀዩን ቁልፍስ?»

ጥበቃው ከት ብሎ ሳቀ። «እሱን? እሱን እዚህ ቤት የማያውቅ የለም። አንዴ ሌባ አይቼ ነካሁት። ሌባው ሄደ፣ እሱ በመደወል ላይ ነው።»

«በምሳ ሰዓት ማን ነበር ፎቁ ላይ?»

«ሌላው ሠራተኛ ሁሉ ምሳ ወጥቷል። የቀሩት እትዬ፣ ልጅቷ፣ ነቢዩና አፈ ቀላጤው ናቸው። ከውጭ የገባ ዝንብ የለም። እትዬ ጠዋት ሲገቡ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። “ዛሬ እንግዳዋ ፊት የአንድ ሰው ኪስ አስጮሃለሁ” አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም፤ ብቻ አብሬ ሳቅሁ።»

አፈ ቀላጤው የድርጅቱ ቃል አቀባይ ነው። ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ አገኘችው፤ ስልኩን በአምስት ሜትር ገመድ እያስጎተተ ይንጎራደዳል። ምሳ ሰዓት ሙሉ እዚሁ ንግግሩን ሲለማመድ እንደነበር ነገራት።

«የሆነው ነገር አሳዛኝ ነው» አለ። «ሆኖም የስልክ ብልሽት ሳይሆን የተጠቃሚ ልምድ ክፍተት ብንለው…»

«ሞተዋል እኮ።»

«እሱማ… አዎ።»

«ይሄን ስልክ ለእናትህ ትሰጣታለህ?»

«ለእናቴ?» አፈ ቀላጤው ክፉኛ ደነገጠ። «ኧረ እናቴ ትልቅ ሰው ናት!»

ለአራት ሺህ አዛውንት ሊያድል የተዘጋጀ ሰው ነው ይህን የሚለው። እሱ ግን ምን እንዳለ እንኳ አልታወቀውም።

የነቢዩ ቢሮ ከሁሉም የጸዳ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተወለወለ ስልክ ብቻ በልዩ ማቆሚያ ላይ ቆሟል። ገመድ የለም፤ ቻርጀር የለም። ሰውየው ደረቱን ነፍቶ ከመቀመጫው ተነሳ።

«እኔ ራሴን እንደ ጥፋተኛ ነው የምቆጥረው» አለ፤ ጥፋቱን የሌላ ሰው ካደረጉ በኋላ ብቻ እንዲህ የሚሉ ሰዎች አሉ። «ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ግን ቸኩላለች። አሁን ሁሉም ሰው ሲስተሙን ሊወቅስ ነው። ነጻነት ዋጋ ያስከፍላል፤ ትናንሽ ሰዎች ይህን አይረዱም።»

«ምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ከደጋፊዎቻችን ጋር ሳወራ ነበር። በዚሁ ስልክ! ድምፁ እንዴት ጥርት ያለ መሰለዎት!»

«አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ሳይቋረጥ?»

«ሳይቋረጥ» አለ አፉን ሞልቶ። «እኔ ከዚህ ስልክ ሌላ አልያዝኩም፤ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ይጻፉት።»

ጻፈችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሁሉም ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጡ። የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ኃላፊ ውሉን ከፊቷ ዘርግታ እስክሪብቶዋን ይዛለች፤ ሞት መኖሩን ስትሰማ ለመመለስ ፈልጋ ኢንስፔክተሯ ነች ያስቀረቻት። ልጅቷ ጥግ ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ጥበቃው በሩን ይዟል። ሐኪሙ የታጠፈ ወረቀት ለኢንስፔክተሯ ሰጥቶ፣ የማንንም ዓይን ሳያይ ተቀመጠ።

«ስልካችሁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ» አለች ኢንስፔክተሯ።

አራት አንድ ዓይነት ስልኮች ተደረደሩ። ሦስቱ የተቧጨሩ ናቸው፤ የጥበቃው በፕላስተር ተጠግኗል። የነቢዩ ያብረቀርቃል።

«እንግዲህ ስሙኝ። ሁላችሁም ያላችሁኝ አንድ ነገር ነው፤ እትዬ አስማቸው ተነሳ፣ ለመደወል ሞከሩ፣ ስልኩ ከዳቸው፣ ሞቱ። አንዳችሁም ክርናቸው አጠገብ ያለውን መድኃኒት አላያችሁም። ሙሉ ነው፤ ክዳኑም አልተነሳም። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ስልክ ለማንሳት አቅም ካለው፣ ከስልኩ በፊት የሚያነሳው መድኃኒቱን ነው። ስለዚህ አስም የሚባል ነገር አልነበረም። ሐኪሙ አሁን አፍንጫቸው ውስጥ ሰማያዊ ክር አግኝተዋል፤ የሶፋው ትራስ ክር ነው። ታፍነው ነው የተገደሉት።»

ልጅቷ ቀና አለች። አፈ ቀላጤው ላቡን ጠረገ።

«ታዲያ ቀዩን ቁልፍ ማን ነካው? እትዬ አይደሉም። ቁልፉ እንደሚዋሽ በዘጠነኛው ቀን በቀይ ቀለም ጽፈዋል፤ ሲቸግራቸው የልጅቷን ስም እንደሚነኩም ጽፈዋል። የነካው ሌላ ሰው ነው፤ እሳቸው ከሞቱ በኋላ ስልኩን መዳፋቸው ውስጥ አስቀምጦ የሄደ ሰው። ለምን? ጥሪው ወጥቶ አምቡላንስ እንዲመጣና በሽታ ነው እንዲባል። ከዚያም አልፎ፣ ስልካችን በመጨረሻዋ ደቂቃ እርዳታ ጠራ ተብሎ እንዲወራ። በመደወል ላይ የሚለውን አየ፤ አመነ፤ ወጣ።»

«አመነ?» አለ ጥበቃው ሳያስበው። «እሱን ማን ያምናል?»

«እኔም የጠየቅኩት እሱን ነው፣ አባት። ይሄን ስልክ አንድ ሳምንት የያዘ ሰው ቀዩን ቁልፍ አያምንም። ልጅቷ ታውቃለች። እርስዎ ያውቃሉ። አፈ ቀላጤው እንኳ፣ ሥራው መዋሸት ቢሆንም፣ ያውቃል። እዚህ ቤት ውስጥ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ስልኩን ለዓይን ብቻ የያዘ ሰው። ደብተሩንም አላነበበም፤ የተራ ሰው ደብተር ማን ያነባል? ስለ እሱ የተጻፈው የመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ስለመሰለው ገጹን ቀድዶ ወሰደ።»

ነቢዩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ግምት ነው ይሄ ሁሉ።»

«እርስዎ አንድ ሰዓት ሙሉ በዚህ ስልክ አወራሁ ብለውኛል። እዚህ ክፍል ውስጥ ከአሥር ደቂቃ በላይ ያወራበት ሰው አለ?»

ልጅቷ የለም በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«የሁሉም ጠረጴዛ በገመድ ተጥለቅልቋል፤ የእርስዎ ጠረጴዛ ላይ አንድ ገመድ የለም። የሁሉም ባትሪ ምሳ ሰዓት ላይ ይሞታል፤ የእርስዎ እንደሞላ ነው፤ ስለማይሠራበት። ልጅቷ ጮኻ ሲመጡም “አምቡላንሱ አልመጣም እንዴ?” አሉ። አምቡላንስ ማን ጠርቶ? ማንም አልጠራም። ጠራሁ ብሎ ያመነው ነፍሰ ገዳዩ ብቻ ነው።»

ይህን ብላ ባለላስቲኳን ስልኳን አወጣች። ከደብተሩ ሽፋን ላይ ያለውን ቁጥር እያየች፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫነች። ጠረጴዛው ላይ ያሉት አራት ስልኮች ጸጥ ብለዋል። የነቢዩ ኮት የውስጥ ኪስ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ኪሱ ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ። ጥበቃው እጁን ሰዶ አወጣው፤ ከትልቆቹ ኩባንያዎች የአንዱ፣ የዘንድሮ፣ ውድ ስልክ ነው።

«ዛሬ እንግዳዋ ፊት ሊያስጮሁት የነበረው ኪስ ይሄ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ቁጥሩን ከየት እንዳገኙት አላወቅኩም። ሠላሳ አንድ ዓመት ማዞሪያ ላይ የተቀመጠች ሴት ቁጥር ለማግኘት የሰው ፈቃድ የምትጠብቅ አይመስለኝም። ግን ጨዋ ነበሩ፤ መጀመሪያ ለእርስዎ ነገሩዎት። ራስህ ተናገር ብለው ዕድል ሰጡዎት። አይደለም?»

የነቢዩ ፊት አመድ መሰለ። ከዚያ አመዱ ውስጥ ቁጣ ተነሳ።

«ተራ ሴት!» አለ። «የማዞሪያ ሠራተኛ! አሥር ዓመት የለፋሁበትን በአንድ ደብተር ልታፈርሰው! ያ ስልክ እኮ ለእኔ ሥራ አይመችም፤ ስንት ስብሰባ አለኝ፣ ስንት ሰው ይፈልገኛል። ለተራ ሰው ይበቃል!»

አፈ ቀላጤው እንኳ ፊቱን አዞረ። ኢንስፔክተሯ ካቴናውን ራሷ አሰረች። ነቢዩ ጠበቃዬን ልጥራ ሲል ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሚያብረቀርቀውን ስልክ አቀበለችው። አልተቀበላትም፤ በታሰሩ እጆቹ ወደ ሌላው ጠቆመ። ጥበቃው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ በሩ ዞረ።

ሲወስዱት ልጅቷ ከጥጉ ተነስታ ኢንስፔክተሯ ፊት ቆመች።

«እውነት ቀዩ ቁልፍ የተነካው ከሞተች በኋላ ነው?»

«ከሞቱ በኋላ ነው። አንቺ አልገደልሻቸውም።»

ልጅቷ እፎይ ያለች መሰለች። ወዲያው ግን ፊቷ መልሶ ጠቆረ።

«ከመሞቷ በፊት ብትነካውስ ኖሮ?»

ኢንስፔክተሯ ሰውን ማባበል አታውቅበትም፤ ለማወቅም ሞክራ አታውቅም። የቀማቻትን እስክሪብቶ ከኪሷ አውጥታ መለሰችላት።

«ያኔም አይደውልም ነበር» አለቻት።

ልጅቷ እስክሪብቶውን ተቀበለች። የድርጅቷ ኃላፊ ውሉን እንደዘረጋች ነው፤ ሰው ታስሮ ሲወጣ አይታ ምን ማድረግ እንዳለባት ግራ ገብቷታል።

«ይቅርታ፣ ሰዓቱ አይደለም» አለች በመጨረሻ፤ «ግን አራት ሺህ ሰዎች እየጠበቁኝ ነው። የሰውየው ጥፋት የሱ ነው። ስልኩን የሠራሽው አንቺ ነሽ። ዝግጁ ነው ወይስ አይደለም?»

አፈ ቀላጤው በዓይኑ ለመናት። የሁሉም እንጀራ ያለው በዚያ ወረቀት ላይ ነው፤ የእሷም።

«አይደለም» አለች ልጅቷ። «ቀዩን ቁልፍ ከአምስት ወር በፊት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለእኛ ቀልድ ነው፤ ለምደነዋል፤ እየሳቅን እናልፈዋለን። ብቻዋን ላለች አሮጊት ግን አትስጧት።»

ኃላፊዋ ውሉን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አፈ ቀላጤው ገመዱን ከግድግዳው ነቅሎ ወጣ። ልጅቷ ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ጠበቀች፤ ከዚያ ኮምፒውተሯን ከፈተች፣ ቀዩ ቁልፍ ያለበትን መስመር ፈለገች፣ እያለቀሰች ማረም ጀመረች።